ከላይ ሞቆ ከስር መብረድ፦ ሃሞክ ላይ ስናድር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብርድ ቀሰቀሰኝ። ቦታው ቨርጂኒያ፣ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ጊዜው ኖቬምበር መጀመሪያ። ከጓደኞቼ ጋር ሁለት ሌሊት ሃሞክ ላይ፣ ማለትም በሁለት ዛፍ መሀል በሚንጠለጠል የጨርቅ አልጋ ላይ፣ ልናድር ነበር የሄድነው። ደረቴ ሞቋል። እግሬ ደህና ነው። ጆሮዬን በኮፍያ ሸፍኜዋለሁ። ከወገቤ እስከ ጭኔ ያለው ግን ባዶ ሲሚንቶ ላይ የተኛሁ ያህል ደንዝዟል።

እጄን ከስሬ ሰደድኩና ስሊፒንግ ባጉን፣ ውስጡ ገብቼ የተኛሁበትን ባለ ላባ ከረጢት፣ ዳበስኩት። ከላይ እንደ ትራስ የተነፋው ላባ ከስሬ አንሶላ አክሏል። በሁለት ጣቴ ስይዘው በመሀል ምንም ያለ አይመስልም። ጨርቁን ትንሽ ገፋ ሳደርገው ደግሞ ንፋሱ ራሱ መዳፌ ላይ ተሰማኝ። ከእኔና ከጫካው አየር መሀል የነበረው ሁለት ስስ ጨርቅ ብቻ ነበር።

ስለ ሃሞክ ዋናውን ነገር የተረዳሁት ያን ሌሊት ነው። ይህ አልጋ ከሙቅ አገር የመጣ ነው። ኮሎምበስ በ1492 ባሃማስ ሲደርስ ነዋሪዎቹ መረብ በመሰለ አልጋ ላይ ተንጠልጥለው እንደሚተኙ አይቷል። ስሙም ከታይኖ ሕዝቦች ቋንቋ በስፓኒሽ በኩል የመጣ ነው። በዚያ ሙቀት ንፋስ በጀርባ ስር ማለፉ ትልቅ ጸጋ ነው። ውርጭ በሚጥልበት ጫካ ስንወጥረውም ያው ነው፤ ከስር ያቀዘቅዘናል።

ወላጆቻችን ይህን ጉዳይ ያውቁታል። የጠፍር አልጋ ያየ ሰው ጠፍሩ ክፍት ክፍት መሆኑን ያስታውሳል። ከስሩ አየር ይመላለሳል። ስለዚህ ደጋ ላይ በባዶ ጠፍር ላይ ጋቢ ደርቦ የሚተኛ የለም። መጀመሪያ ጀንዲ ይነጠፋል። በላዩ አጎዛ ይደረጋል። ጋቢውና ቡልኮው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሃሞክ ላይ የሚበርዳቸው ሰዎች አብዛኞቹ፣ ያኔ እኔም ጭምር፣ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጠው የጀመሩ ናቸው።

«ጥሩ ስሊፒንግ ባግ አለኝ፤ ይበቃኛል»

የስህተቶቹ ሁሉ እናት ይህ ነው። የሚያሞቀን ላባው በመሀሉ አፍኖ የያዘው አየር ነው። አየሩ ከተንቀሳቀሰ ወይም ተጨምቆ ከወጣ ሙቀት የሚይዝ ነገር አይኖርም። ሃሞክ ላይ ስንተኛ ክብደታችን በሙሉ ከስር ያለውን ላባ ይጫነዋል። ድንኳን ውስጥም እንዲሁ ይጫነዋል፤ ለዚህ ነው ከስር ፍራሽ የምናነጥፈው። ሃሞክ ላይ ግን ከመሬቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ንፋስ ነው። ሰውነታችን ያሞቀውን አየር እየወሰደ ሌላ ቀዝቃዛ አየር ይተካል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሲበርደን የሚመጣልን ሐሳብ፣ ማለትም ይበልጥ ወፍራም ባግ መግዛት፣ ገንዘብ ከማባከን አያልፍም። ወፍራሙም ባግ ከጀርባ ስር ይጨመቃል።

መፍትሔው ሙቀት የሚይዘውን ነገር ሰውነታችን በማይጫነው ቦታ ማድረግ ነው። ገበያ ላይ አንደርኩዊልት የሚባለው ለዚህ የተሠራ ነው። እኔ የስር ብርድ ልብስ እለዋለሁ። ከሃሞኩ ውጭ፣ ከስር፣ በላስቲክ ገመድ ይንጠለጠላል። አንተኛበትም፤ ስለዚህ እንደተነፋ ያድራል። ከጀርባችን ጋር በሃሞኩ ጨርቅ በኩል ይነካካል እንጂ ክብደት አያርፍበትም። ርካሽ ዕቃ አይደለም። ግን ለላይ ልብስ ብቻ ገንዘብ ያላችሁ ከሆነ ከገንዘቡ እኩሌታውን ለስሩ አድርጉት። ስልኬ ላይ ምክር የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው።

«ገና አልበረደም»

ብርድ ሲባል ዜሮ ዲግሪ ብቻ ይመስለናል። ሃሞክ ላይ ብዙ ሰው ከስር መብረድ የሚጀምረው ወደ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን ነው። ቀን በቲሸርት የተንሸራሸራችሁበት ቦታ ማታ 12 ዲግሪ ከሆነ ከስር አንዳች ነገር የግድ ያስፈልጋል። በጋ ነው ብላችሁ ባዶ ጨርቅ ይዛችሁ አትውጡ።

ጠባብ ፍራሽ አንጥፎ መተኛት

የስር ብርድ ልብስ ለመግዛት አቅም ከሌለ ድንኳን ውስጥ የምንጠቀምበት ፍራሽ ይሠራል። እኔም ለሁለት ዓመት ያህል በእሱ ነው የኖርኩት። ግን የተለመደው ፍራሽ ስፋቱ 51 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። መሬት ላይ ይህ ይበቃል። ሃሞክ ግን ከጎንና ከጎን ያቅፈናል፤ ትከሻችንና ክንዳችን ጨርቁ ላይ ይለጠፋል። ፍራሹ ጀርባን ያሞቅና ትከሻን ለንፋስ ይተዋል። 63 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ይሻላል። እሱ ከሌለ ከፎም ሁለት ቁራጭ ቆርጣችሁ ትከሻና ዳሌ ባለበት አግድም ጨምሩበት። የፎም ፍራሽ በመቀስ ይቆረጣል፤ ምንም አይሆንም።

ሌላው ችግር መንሸራተት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትነቁ ፍራሹን ከጎናችሁ ታገኙታላችሁ። ባለ ሁለት ድርብ ጨርቅ ሃሞክ ካላችሁ ፍራሹን በሁለቱ መሀል አስገቡት። በአየር የሚነፋ ከሆነ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አትንፉት። ትንሽ ሲለሰልስ ከሃሞኩ ቅርጽ ጋር ይታጠፋል። ጠጥሮ ከተነፋ እንደ ጀልባ ይወዛወዛል።

ፍራሽ ስትገዙ አር ቫልዩ የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ሙቀት እንዳያመልጥ የመከላከል አቅሙን የሚለካ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ይሞቃል። የሚታጠፈው ተራ ፎም 2 አካባቢ ነው። ውሃ ለሚያረጋ ብርድ ከ4 በላይ ፈልጉ። ደስ የሚለው ነገር ቁጥሮቹ ይደመራሉ፤ 2 የሆነ ፎም ላይ 3 የሆነ ፍራሽ ብትደርቡ 5 ይሆናል።

የስር ብርድ ልብሱን አንጠልጥሎ መተው

ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ትክክለኛውን ዕቃ ገዝቶም ይበርደዋል። ከዚያ ዕቃውን ይወቅሳል። በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ብርድ ልብሱ ከላላ በጀርባችሁና በእሱ መሀል ክፍት ቦታ ይፈጠራል። አየር በአንገት በኩል ይገባል፣ በእግር በኩል ይወጣል። እንዲያ ከሆነ ባይኖር ይሻል ነበር ለማለት ትንሽ ነው የሚቀረው። በጣም ካጠበቃችሁት ደግሞ ላባው ከጨርቁ ጋር ተጣብቆ ይጨመቃል፤ የመጀመሪያው ስህተት በሌላ በር ተመለሰ ማለት ነው። የሚፈለገው በመሀል ያለው ነው፦ ጀርባን መንካት፣ ግን አለመጫን።

ይህን በዓይን መገመት አይቻልም። በእጅ ነው የሚታወቀው። እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። አንዱ ሰው ሃሞኩ ላይ ወጥቶ እንደሚያድርበት ሆኖ ይተኛል። ሌላው ተንበርክኮ ከስር ይገባና ብርድ ልብሱን በሁለት መዳፉ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ይደግፈዋል። የተኛው ሰው ወዲያው «እፎይ፣ ሞቀኝ» ካለ መሀሉ ክፍት ነበር ማለት ነው። ገመዱ አንድ ጣት ያህል ይሳባል፤ እንደገና ይሞከራል። ምንም ለውጥ ካልተሰማው ልክ ነው። ከወገብ ስር፣ ከትከሻ ስር፣ ከጉልበት ስር፣ ሦስቱም ቦታ ይሞከራል። ብዙ ጊዜ ክፍት ሆኖ የሚገኘው ወገብ ስር ነው።

ብቻችሁን ከሆናችሁ ሃሞኩ ባዶ እያለ እዩት። ብርድ ልብሱ ከሃሞኩ ጨርቅ ትንሽ ከፍ ብሎ ተስቦ መታየት አለበት። ስትተኙበት ወርዳችሁ ትሞሉታላችሁ። ባዶውን ሃሞክ ተከትሎ ተንዘላዝሎ የሚታይ ከሆነ ስትተኙ ይላላል።

ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ተመልከቱ። በራስና በእግር በኩል የሚሳብ ክር አለ። እሱን ሰብሰብ አድርጉት፤ ጫፉ ከሃሞኩ ጨርቅ ጋር እንዲገጥም። ግን እንደ ከረጢት አፍ አጥብቃችሁ አትቋጥሩት፤ መሀሉን ወደ ታች ይጥለዋል። የናይሎን ሃሞክ በክብደትና በእርጥበት ይለጠጣል። ምሽት ላይ ያስተካከላችሁትን ከመተኛታችሁ በፊት አንዴ ደግማችሁ ነካ ነካ አድርጉት።

አጭሩን ዓይነት የገዛችሁ ሰዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። እሱ ከትከሻ እስከ ጉልበት ነው የሚደርሰው። ሸክም ስለሚያቀል ብዙ ተጓዥ ይወደዋል። ባትና ተረከዝ ግን ውጭ ይቀራሉ። ለእነሱ ሃሞኩ ውስጥ ቁራጭ ፎም ይደረጋል፤ የመቀመጫ ያህል መጠን ያለው ይበቃል። ይህን ሳይነግሩኝ ነው ዕቃውን የሸጡልኝ። አንድ ሌሊት ሙሉ እግሬን እያፋተግሁ ካነጋሁ በኋላ ነው ከሌላ ተጓዥ የሰማሁት።

ሃሞኩን እንደ ክራር ክር መወጠር

አጥብቆ የተወጠረ ሃሞክ ምቹ ይመስላል። ስትተኙበት ግን ሁለቱ ጠርዞች ትከሻችሁን ይጨምቃሉ። ገላችሁ መሀል ላይ እንደ ሙዝ ይታጠፋል። ከስር ያለው ብርድ ልብስም ከዚያ ቅርጽ ጋር መግጠም አይችልም። ማሰሪያው ከአግድም መስመር ወደ 30 ዲግሪ እንዲያዘነብል አድርጉ። ከዚያ በሰያፍ ተኙ፤ ራስ በአንድ በኩል፣ እግር በሌላው በኩል። ያን ጊዜ ጀርባ ይዘረጋል፣ ስሩም ሜዳ ይሆናል። የስር ብርድ ልብሱን የምታስተካክሉት በሰያፍ ከተኛችሁ በኋላ ነው። ቀጥ ብላችሁ ተኝታችሁ ካስተካከላችሁት፣ ዞር ስትሉ አንዱ ትከሻ ውጭ ይቀራል።

ዕቃው ላይ የተጻፈውን ዲግሪ ማመን

ስሊፒንግ ባግ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ዓለም አቀፍ መለኪያ አለው፤ አይኤስኦ 23537 ይባላል። ሁለት ቁጥር ፈልጉ። ኮምፈርት የሚለው ተመቻችቶ መተኛት የሚቻልበት ነው። ሎወር ሊሚት የሚለው ደግሞ ኩርምት ብሎ ሌሊቱን ማለፍ የሚቻልበት ነው። ማስታወቂያ ላይ ጎልቶ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። ደግሞም መለኪያው የሚሠራው ከስር ፍራሽ ተነጥፎ ነው። ሃሞክ ላይ ያለምንም ንጣፍ ስንተኛ ያ ቁጥር እኛን አይመለከትም።

የስር ብርድ ልብስ ላይ ያለው ዲግሪ ደግሞ አምራቹ ራሱ የሚያወጣው ግምት ነው። አንዱ ጋ ቁጥሩ ሐቀኛ ነው፤ ሌላው ጋ ተስፋ ነው። እኔ ከሚጠበቀው ብርድ ቢያንስ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ዝቅ የሚለውን እይዛለሁ። ሌሊቱ ዜሮ ይሆናል ከተባለ ለ7 ዲግሪ ከዜሮ በታች የተሠራውን። አሜሪካ ላላችሁ ይህ 20 ፋራናይት የሚለው ነው። ቶሎ የሚበርዳችሁ ሰዎች ከዚያም አስበልጡ፤ ገላችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ወንዝ ዳር መስፈር

ወንዝ ዳር ያምራል። ውሃው ቅርብ ነው፣ ድምፁ ያስተኛል። ግን ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ ማታ ማታ እንደ ውሃ ቁልቁል ፈስሶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ደጋ ያደገ ሰው ይህን ከእርሻ ያውቀዋል። ውርጭ ቀድሞ የሚያቃጥለው ረባዳው ላይ ያለውን ባቄላ ነው፤ ተዳፋቱ ላይ ያለው ይተርፋል። ሰፈርም እንዲሁ ነው። ከሸለቆው ትንሽ ወደ ላይ ወጣ በሉ። ጫፍ ድረስ ግን አትውጡ፤ እዚያ ንፋሱ ይጠብቃችኋል። የተዳፋቱ መሀል፣ ንፋስ በማይነፍስበት በኩል፣ ምርጡ ቦታ ነው።

ከፍታውንም አስቡት። በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። የሸናንዶዋ ከፍተኛ ጫፍ ሃክስቢል 1,235 ሜትር ነው። ከተማ ውስጥ ስልካችሁ ያሳያችሁን ዲግሪ ይዛችሁ ተራራ ላይ አትውጡ።

ንፋሱን የሚመልሰው ከሃሞኩ በላይ የሚወጠረው ሸራ ነው። ብዙ ሰው ሸራ ለዝናብ ብቻ ይመስለውና ከፍ አድርጎ ይወጥረዋል። በብርድ ጊዜ ዝቅ አድርጉት። ሰፊውን ጎን ወደ ንፋሱ አዙሩና ጠርዙ መሬት ሊነካ እስኪል በካስማ ምቱት። ለዚህ እንዲመች ሃሞኩም ዝቅ ይበል፤ ስትቀመጡበት የወንበር ቁመት ያህል ይበቃል። ንፋስ በሌለበትና በሚነፍስበት ሌሊት መሀል ያለው ልዩነት ከጠበቅኩት በላይ ሆኖ ነው ያገኘሁት። አንዳንዴ ብርድ ልብስ ከመጨመር ሸራ ማስተካከል ይበልጣል።

አገር ቤት ለመሞከር የምታስቡ ሰዎች አላችሁ። ባሌ ላይ ዲንሾ ያለው የኮሶና የጽድ ደን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ፓርኩን አስፈቅዳችሁ፣ ሰፋ ባለ ማሰሪያ ግንዱን ሳትጎዱ መስቀል ትችላላችሁ። ስሜን ተራሮች ግን ሌላ ነው። ጨነቅ ሰፈር ላይ በዙሪያችሁ የምታዩት በብዛት ሣርና ጅብራ ነው፤ ጅብራ ደግሞ ሰው አይሸከምም። እዚያ ድንኳን ያዙ።

የሚያብረቀርቀውን ፕላስቲክ ከስር ማድረግ

በመድኃኒት ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠውን የብር ቀለም ያለው ስስ ፕላስቲክ ብዙዎች ከጀርባቸው ስር ያነጥፉታል። ሙቀትን የሚያንጸባርቀው ከፊቱ ክፍት አየር ሲኖር ነው። ከጀርባ ጋር ሲጣበቅ ይህ ይጠፋል። ላብም አያሳልፍም። ሊነጋ ሲል ጀርባችሁ ረጥቦ ትነቃላችሁ፤ የረጠበ ጀርባ ደግሞ ከቀድሞው ይብሳል። ለድንገተኛ አደጋ ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ለእንቅልፍ አይሁን።

በረዶ ሆኖ አልጋ መግባት

ብርድ ልብስ ሙቀት አይሰጥም፤ ያላችሁን ይይዛል። እየተንቀጠቀጡ የገባ ሰው እየተንቀጠቀጠ ያድራል። ከመተኛታችሁ በፊት ቅባት ያለው ነገር ብሉ። እኛ ጭኮ ይዘን እንሄዳለን፤ ቅቤው ሌሊቱን ሙሉ ያግዛል። ሽንት ይዛችሁ አትተኙ። ሃያ ቁጢጥ ብድግ ሥሩ፤ ላብ ሳያመጣ ደም ያዘዋውራል። ቀን የተጓዛችሁበትን ካልሲና ካናቴራ ለውጡ፤ ደረቅ ቢመስልም ላብ ይዟል።

ጃኬት ደራርቦ መተኛትም ከጀርባ በኩል አይጠቅምም፤ እሱም ይጨመቃል። ትርፍ ጃኬት ካላችሁ በሃሞኩና በስር ብርድ ልብሱ መሀል፣ ወገብ ስር፣ አስገቡት። እዚያ እንደተነፋ ይቆያል። ፈላ ያለ ውሃ በጠንካራ ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ገልብጣችሁ አረጋግጡ። ካልሲ አልብሳችሁት በጭናችሁ መሀል ያዙት። እኔን እስከ ንጋት ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ነው የሚተወኝ።

እሳት ወይም ከሰል ከስር ማስቀመጥ

ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። ብርዱ ሲጸና ፍም ወስዶ ከሃሞኩ ስር ማስቀመጥ ለእኛ ቅርብ ሐሳብ ነው፤ በከሰል ምድጃ ዙሪያ ነው ያደግነው። አታድርጉት። ናይሎን በአንድ ብልጭታ ይቀልጣል፤ የቀለጠው ደግሞ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሸራውን ዝቅ አድርጋችሁ ከዘጋችሁ በኋላ ከሰል ወይም የጋዝ ምድጃ ስር ማቀጣጠል ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያጠራቅማል። ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው አያውቀውም። አገራችን ውስጥ በተዘጋ ቤት ከሰል አስገብተው ተኝተው ያልነቁ ሰዎች ለቅሶ ያልደረሰ ብዙ የለም። ሸናንዶዋ ላይ ከተፈቀዱት የእሳት ቦታዎች ውጭ ጫካ ውስጥ እሳት ማንደድ ራሱ የተከለከለ ነው።

ሁሉንም ነገር ገዝታችሁ ካሰናዳችሁ በኋላ የመጀመሪያውን ሌሊት ጫካ አትሂዱ። ጓሮ ያለው ወዳጅ ፈልጉ። ሁለት ዛፍ፣ አንድ ብርዳማ ማታ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከስር ከበረዳችሁ የት እንደሆነ በእጃችሁ ፈልጉት፤ ወገብ ነው፣ ትከሻ ነው፣ ባት ነው? ገመዱን ሳቡ፣ ፎሙን አዙሩ፣ ደግማችሁ ተኙ። አሁንም ካልሆነ ቤቱ አሥር እርምጃ ነው፤ በሩን አስቀድማችሁ አስከፍቱት።